መቶ እንቁላል ወደ ሳህኖቹ መቅደስ

በዶንግኬው የጠዋት ገበያ ሴንግዳ የት እንደምትሸጥ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድምፅዋን ተከትሎ መሄድ ነው። ካኖም ቺን የሚሉትን ነጭ የሩዝ ኑድል በቲማቲምና በአሳማ አጥንት መረቅ እያራሰች የምትሸጥ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት፣ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። መረቋ ይጣፍጣል። ሰው ግን ወረፋ የሚይዝላት ለመረቁ ብቻ ብሎ አይደለም፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ እስክታቀርብ ድረስ የማን ልጅ ማንን እንዳጨ፣ የማን ጎሽ የማን ጎመን ውስጥ እንዳደረ አብራ ታቀርባለች። ባሏ ኢንኬው ደግሞ በአሮጌ ፒክ አፑ በቆሎና ብርቱካን ከተራራው የሚያወርድ ዝምተኛ ሰው ነው። ለምን እንደማይናገር ሲጠየቅ፣ «ቤታችን ውስጥ ያለው አየር የሚበቃው ለአንድ ሰው ወሬ ብቻ ነው» ይላል።

የሴንግዳ አፍ እስከዚያ ሚያዝያ ድረስ ጠቅሟት እንጂ ጎድቷት አያውቅም ነበር።

በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ ሃያ አንድ ዓመት የሞላቸው ወንዶች በወረዳው አዳራሽ ይሰበሰቡና የወታደርነት ዕጣ ያወጣሉ። ቀይ ወረቀት የወጣለት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጦር ሰፈር፣ ጥቁር የወጣለት ወደ እናቱ ነው። በዚያ ዓመት የሴንግዳ አንድያ ልጅ የኬንግ ተራ ደረሰ። ኬንግ ሞተር ሳይክል የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ፣ እንደ አባቱ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው።

እናቶቹ ከአዳራሹ ውጪ በድንኳን ጥላ ሥር ተኮልኩለው በተከፈተው መስኮት ወደ ውስጥ ያያሉ። ሁሉም ስለት ይሳላሉ። አንዷ በልቧ፣ አንዷ በሹክሹክታ። ከሴንግዳ አጠገብ የተቀመጠችው፣ የአሳማ ቆዳ ጠብሳ የምትሸጠው ጎረቤቷ ቧፓን ነበረች። ቧፓን ልጇ እጁን ወደ ዕጣው ሣጥን ሲልክ እጆቿን ግንባሯ ላይ ገጥማ፣ «ጥቁሩን ስጡት እንጂ ወደ ሳህኖቹ መቅደስ በእግሬ ወጥቼ ዘጠና ዘጠኝ እንቁላል አቀርባለሁ!» አለች።

«ጥቁር!» አለ መኮንኑ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ።

ቧፓን እልል ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ የተጠራው ኬንግ ነው።

ሴንግዳ ጭንቅ ያዛት። እሷም ያሰበችው እንቁላል ነበር፤ እሷም ያሰበችው በእግር ነበር። ታዲያ ልክ ከቧፓን ኋላ ያንኑ ስለት ብትደግም ማን ይሰማታል? ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ዞር ስትል በመንገዱ ላይ ጠባብ ልብስ የለበሱ ብስክሌተኞች ተሰልፈው ወደ ተራራው ያልፋሉ። በየሳምንቱ ከከተማ የሚመጡት ናቸው። አፏም ልክ እንደልማዱ ቀደማት።

«ልጄን ጥቁሩን ስጡልኝ! እኔ ሴንግዳ እስከ ሳህኖቹ መቅደስ በብስክሌት፣ ፔዳሉን በገዛ እግሬ እየመታሁ፣ መቶ እንቁላል ይዤ እወጣለሁ! የመነኮሳቱ የክረምት ሱባዔ ሳይገባ!»

ገበያ የለመደ ድምፅ ነውና አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። የኬንግ ጆሮ በርበሬ መሰለ። እጁን ሰደደ፤ ወረቀቱን አወጣ።

«ጥቁር!»

ሴንግዳ ዘለለች፣ ቧፓንን አቀፈች፣ የማታውቃትን ሴት ሳመች። ቧፓን ከእቅፏ ውስጥ ሆና፣ «እንኳን ደስ አለሽ እቴ» አለቻት። ትንሽ ቆይታም፣ «ለመሆኑ ብስክሌት መንዳት መቼ ተማርሽ?»

ሴንግዳ መዝለሏን አቆመች።

«አልተማርኩም» አለች።

የሳህኖቹ መቅደስ የራሱ ስም አለው፤ ረጅም ስም ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል፤ የሚጠራው ግን የለም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ታኖም የሚባል ሹፌር ከላምፓንግ ፋብሪካ ጎድጓዳ ሳህንና ኩባያ ጭኖ ተራራውን ሲያቋርጥ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ክፉ ጥምዝ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሳህኑ ሁሉ እንክትክት አለ። ታኖም አንዲት ጭረት ሳታገኘው ወጣ። እዚያው ጫፍ ላይ በነበረችው ደሳሳ መቅደስ መነኮሰና ስባሪውን በከረጢት እየለቀመ ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ መለጠፍ ጀመረ። የመኪናው ስባሪ ሲያልቅበት መንደርተኛው የየቤቱን አመጣለት። ዛሬ ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ በሩን የሚጠብቁት የዘንዶ ሐውልቶች ጀርባ፣ ቡድሃ የተቀመጠበት የአበባ ዙፋን ሳይቀር ስባሪ ሳህን ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሸለቆው ማዶ ያብለጨልጫል። ሊሰግድ የገባ ሰው፣ «ያቺውና የእናቴ የሾርባ ሳህን፣ አባቴ የወረወራት ዕለት የተሰበረችው!» እያለ ጣቱን ይቀስራል። ሴንግዳ ብቻዋን፣ ስታወራ ከእጇ ባመለጧት ሳህኖች፣ አንድ ሙሉ ምሰሶ አልብሳለች።

ከገበያው እስከዚያ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገት።

ከዚያ ወዲህ ገበያው በሙሉ ጠበቃና ዳኛ ሆነ።

«አክስቴ ሴንግዳ» አለ አሳ ሻጩ፣ «ብስክሌቱን ፒክ አፑ ላይ ጫኚው፤ አንቺ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጪ፤ ጋሽ ኢንኬው ይንዳ። በብስክሌት ወጣሽ ማለት አይደል?»

«ፔዳሉን በገዛ እግሬ ብላለች እኮ» አለች ቧፓን።

«እዚያው መኪናው ላይ ሆና ትምታዋ!»

«እኔ ጆሮዬ ሰምቷል፤ ስለቱ ውስጥ መኪና አልነበረም» አለች ቧፓን። «ከፈለጋችሁ እመሰክራለሁ።»

«ማን ምስክር ጠራሽ አንቺ?» አለች ሴንግዳ፣ ጭልፋዋን እያወዛወዘች። ቧፓን ግን ኮራ ማለቷን አልተወችም። ስለቷን በመጀመሪያው ሳምንት አግብታ ጨርሳለች፤ ተረከዟ ላይ ያወጣችውን ውኃ መቋጠር እንደ ኒሻን ለሁሉም ታሳያለች።

ሴንግዳ መጀመሪያ ላይ ነገሩን በሳቅ ልታሳልፈው ሞክራ ነበር። ከዚያ ኬንግ ጣቱን የሞተር ካቴና ያዘውና ጥፍሩ ተነቀለ። በሳምንቱ ደግሞ ውሻ ሸሽቶ ከነሞተሩ የሩዝ ማሳ ውስጥ ገባ። ጭቃ ሆኖ ሲመጣ ሴንግዳ የጣደችውን መረቅ ከእሳት አወረደች። ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ይለው ነበር፤ እሷ ግን እንዲያ አላለችም። በስለት ከውትድርና የተረፈ ልጅ ነው፤ ስለቱ ደግሞ አልገባም። ማስታወሻ እየተላከላት ነው።

«እማዬ» አለ ኬንግ፣ «ሞተር ጠጋኝ ጣቱን የሚቆረጠው ስለት ስላልገባ አይደለም። ሞተር ስለሚጠግን ነው።»

«ዝም በል! በአፍህ አትጥራው።»

«እሺ፤ እኔ ልውጣልሽ። በብስክሌት፣ በመቶ እንቁላል። አንድ ጠዋት ነው።»

«የተሳለው አፍ የማን ነው?»

ኬንግ በነጋታው ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የማርሽ ብስክሌት ገዝቶ አመጣ፤ ጎማውን ለወጠ፤ ካቴናውን ዘይት አጠጣ፤ ከኋላ በኩል ሁለት ሣጥን የሚይዝ ሰፊ ፖርታፓኮ በየደ። ሥራውን ሲጨርስ እናቱን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ ፖርታፓኮውን እንደገና በየደ።

ያስተማሯት መምህር ሳንያ ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ፣ በየቅዳሜው ተራራውን በብስክሌት ወጥተው የሚወርዱ፣ ግማሹን ገበያ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው። ማታ ማታ ገበያው ሲበተን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይይዟታል፤ ትወጣለች፤ ትወድቃለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትወድቅ ሰነበተች። የአወዳደቋ ምክንያት መምህሩን አስጨነቃቸው፤ ጉልበት አላት፣ ድፍረት አላት፣ ሚዛኗም ክፉ አይደለም። በኋላ ገባቸው። ሴንግዳ ስታወራ ወደምታወራው ሰው ትዞራለች፤ እሷ ስትዞር መሪውም አብሯት ይዞራል።

«ሦስተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርሽ» አሏት ከሣሩ ላይ ሲያነሷት። «ወደ ጎን እያየሽ ነው ትምህርቱ ያመለጠሽ።»

«ታዲያ ሰው እያዋራኝ ጀርባዬን ልስጠው መምህር? ነውር አይደለም?»

«ዝም በይ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ።»

ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ ዝም አለች። አልወደቀችም። ጥግ ላይ ስትደርስ የታፈነው ወሬ ሁሉ አንድ ላይ ሲወጣ መምህሩ ቁጭ ብለው ነው የሰሟት።

ሰኔ ሲጋመስ ኑድሏን በብስክሌት ወደ ገበያ ማመላለስ ጀመረች። ሲያልፉ፣ «ሴንግዳ! ወዴት ነው?» የሚሏት ሰዎች መልስ ሲያጡ ተቀየሙ፤ እሷም ገበያ ደርሳ በየተራ ይቅርታ ትጠይቃለች። ዳገት ላይ እንዴት እንደሚወጣም መምህሩ አሳዩዋት፤ «ፊት ለፊት አትጋፈጪው፤ እንደ እባብ ከጥግ ጥግ እየሄድሽ አታሊው።» እንቁላሉ ይቀቀል ወይስ ጥሬውን ይሁን የሚለው ክርክር ደግሞ ለብቻው አራት ቀን ፈጀ። የተሳለችው «እንቁላል» ብላ ብቻ ነውና ሁለቱም ወገን ተስፋ ነበረው። በመጨረሻ መነኮሳቱ ጥሬ እንደማይበሉ ስለታሰበ መቀቀሉ ረታ።

ሱባዔው ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ መቶ የተቀቀለ እንቁላል በሩዝ ጭድ ተጠቅልሎ ሁለቱ ሣጥኖች ውስጥ ገባ። ኢንኬው ሣጥኖቹን በገመድ ሦስት ጊዜ አሰረ፤ አራተኛ ሊያስር ሲል ሴንግዳ እጁን መታችው። መምህር ሳንያ በራሳቸው ብስክሌት ከጎኗ፣ ኢንኬው ከኋላ በፒክ አፑ ተከተሉ። ፒክ አፑ ላይ ኬንግ፣ ቧፓን፣ አሳ ሻጩና ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ። የሆነ ነገር ቢፈጠር ሊያዩ።

ሴንግዳ ዝም ብላ ነዳች። እንዲህ ዝም ብላ በሕይወቷ አታውቅም። የበቆሎው ማሳ አለፈ፤ ጭጋጉ ከሸለቆው እየተነሳ ፊቷን አረጠበው። ይህን መንገድ በፒክ አፕ ሺህ ጊዜ ወጥታዋለች፤ ጅረት እንዳለበት ግን ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ስታወራ ስለነበር ድምፁን ሰምታው አታውቅም። በየሦስት መቶ ሜትሩ ታርፋለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ እንደገና ትወጣለች። በሞተር የሚያልፉ ልጆች፣ «አይዞሽ አክስቴ! በርቺ!» ይሏታል። ፊቷ እንደ ቲማቲም መረቋ ቀላ። 

አሥራ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርሱ ኢንኬው ምንጣፉንና ውኃውን ሊያዘጋጅ ፒክ አፑን ቀደም አድርጎ ወጣ። የቀረው ያ የታኖም መኪና የተገለበጠበት ጥምዝ ነው። መምህር ሳንያ ሳይቆሙ ዞር ብለው፣ «እዚህ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ከቆምኩ አልነሳም። ላይ እንገናኝ» አሏትና እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ከዐይኗ ተሰወሩ።

ሴንግዳ ተከተለች። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ እምቢ አለ። እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች። ወደ ላይ አየች፤ ግድግዳ ነው። ወደ ታች አየች፤ ሰው የለም። ወደ ጎን ስታይ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ በሣሩ መሃል የሳህን ስባሪ ብልጭ ይላል።

ወረደችና ገፋችው።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። ጥምዙ ሲያልቅ መንገዱ ላላ አለ፤ እንደገና ወጣችበትና ፔዳሏን እየመታች በመቅደሱ በር ገባች። ጭብጨባው ቀለጠ። አሳ ሻጩ የድስት ክዳን አጋጨ። ኬንግ ያ ዝምተኛው እንኳ፣ «እናቴ ናት!» ብሎ ጮኸ። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ መነኮሳቱ የሚበሉት በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ሳያልፍ ነውና በሚገባ ደርሳለች።

ሣጥኖቹን ከቡድሃው ፊት አስቀመጠች። ተንበረከከች። እጆቿን ገጥማ፣ «ስለቴን አገባሁ» ልትል አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

ከኋላዋ የነበሩት ጠበቁ። እንደገና ከፈተች፤ እንደገና ዘጋችው።

«ምነው ሴንግዳ ዝም አለች?» አለች ቧፓን።

ኢንኬው ደነገጠ። «አሟታል! በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ውኃ አምጡ!»

ሴንግዳ ተነሥታ አባ ታኖም ወደተቀመጡበት ሄደች። እኚያ የድሮው ሹፌር አሁን ሰባ የዘለቁ፣ ክንዳቸው ላይ ሲሚንቶ የማይጠፋ መነኩሴ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሰገደችላቸውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ስለማታውቅበት ሰው ሁሉ ሰማ።

«አባ፣ ጥምዙ ላይ ወርጄ ገፍቼዋለሁ። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል። የተሳልኩት ፔዳሉን እየመታሁ ብዬ ነበር። ይቆጠርልኛል?»

አባ ታኖም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልጄ፣ እኔ እዚያ ጥምዝ ላይ አንድ መኪና ሙሉ ሳህን ገልብጬ ነው መነኩሴ የሆንኩት። እኔን ዳኛ ታደርጊኛለሽ?»

«እርስዎ ካልፈረዱልኝ ማን ይፍረድልኝ?»

«ላንቺ ይበቃሻል ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

ሴንግዳ ዞር ብላ ኬንግን አየችው። ጥፍሩ የተነቀለውን ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ቆሟል። «አይበቃኝም አባ» አለች። «ይሄ ልጅ ባደናቀፈው ቁጥር የማስበው ያችን ሁለት መቶ እርምጃ ነው። እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እንግዲያውስ ዳኛዋ ፈርዳለች።» አባ ታኖም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና ጭንቅላታቸውን አከኩ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ስድስት ሰዓት ካለፈ እህል አንቀምስም። ዛሬ ደግሞ ከመንደሩ ሌላ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም። ሁሉም የሴንግዳ እንቁላል አለ ብሎ ባዶ እጁን ነው የመጣው። እንቁላሉ ደግሞ ስለትሽ ሳይገባ አይበላም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እውነት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ብሎ ነው የመጣው። አምስት መነኮሳት ናቸው፤ ይህ ምግብ ካለፈ እስከ ነገ ጠዋት ሆዳቸው ባዶ ነው።

«ኢንኬው!» አለች ሴንግዳ፤ ድምፅዋ ተመለሰ። «ፒክ አፑን አስነሣ! ብስክሌቱን ጫን! እንቁላሉንም!»

«እንቁላሉን ለምን?»

«ያለ እንቁላል ነው እንዴ የተሳልኩት?»

ቧፓን ክንዷን ያዘቻት። «አብደሻል? ማን አየሽ? እኔ እንኳ» አለችና ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች፣ «እኔ እንኳ ከዘጠና ዘጠኙ ሁለቱን መንገድ ላይ ርቦኝ በልቻቸዋለሁ። ቡድሃ ምን አለኝ?»

ሴንግዳ ፈዝዛ አየቻት። ሌላ ቀን ቢሆን ይህች ወሬ ለአንድ ወር ገበያ ትበቃ ነበር። «እሱን በኋላ እናወራለን» አለችና መኪናው ላይ ዘለለች።

ከጥምዙ ግርጌ አወረዷት። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። መምህር ሳንያ ጫማቸውን አውልቀው መንገዱ ዳር ተቀመጡ፤ ቧፓን፣ አሳ ሻጩና የቀሩት ዳር ዳሩን ይዘው ተሰለፉ። ሁለት መነኮሳት ከላይ ከጥምዙ ጫፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ያያሉ፤ የሚያዩት ብስክሌቷን ይሁን እንቁላሉን አይታወቅም።

ኬንግ ከኋላ እጁን ሲዘረጋ፣ «እንዳትነካኝ!» አለችው።

ከንፈሯን ነክሳ፣ መምህሩ እንዳስተማሯት ዝም ብላ ጀመረች። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ያችው ቦታ ላይ እግሯ መሬት ነካ። «አይ!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ። ብስክሌቱን አዙራ ወደ ግርጌው ወረደች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። አምስት ሰዓት ከሠላሳ።

«መምህር፣ አልቻልኩም። ዝም ስል ትንፋሼ ታፍኖ ይቀራል።»

መምህር ሳንያ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያውስ አውሪ» አሏት። «ግን ወደ ሰው እንዳትዞሪ። ከመንገዱ ጋር አውሪ፤ እሱ ፊት ለፊትሽ ነው።»

ሴንግዳ ፔዳሉን ረገጠች። አፏን ከፈተች።

«አንተ ጥምዝ! አንተ ሳህን ሰባሪ! የስንት ሰው ጎማ በላህ አንተ? የባሌን መኪና ራዲያተር ሁለት ጊዜ ያፈላህ አንተ አይደለህም?» ወደ ቀኝ። «የአሳ ሻጩን ሞተር ባለፈው ዓመት ጉድጓድ የከተትክ!» ወደ ግራ። «ከሰው አትዋል፣ ከሰው አትብላ፣ ዝም ብለህ ተኝተህ ደግ ሰው ታደናቅፋለህ! ቁመትህ ይጠር! እኔ ልጄን ከዕጣ ሣጥን ውስጥ አውጥቼ ያመጣሁ ሴት ነኝ፤ አንተ ማን ነህ? ማን ብሎ ሰየመህ? ስም እንኳ የለህም!» ወደ ቀኝ። ያችን ክፉ ቦታ ሳታውቀው አለፈቻት። ሰዉ ዳር ዳሩን አብሯት ሽቅብ ይሮጣል፤ ቧፓን ጫማዋ ወልቆ በባዶ እግሯ፣ «በይው! ንገሪው!» እያለች ትከተላለች። «ምን አለኝ? ምን አለኝ መሰላችሁ? ዝም! አፍ የለውም!» ወደ ግራ። «ድሮም አፍ የሌለው ነው የሚከፋው!» ወደ ቀኝ።

መነኮሳቱ መንገድ ለቀቁላት። ጥምዙ አለቀ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ስድቡን እንደጀመረችው በመቅደሱ በር ይዛው ገባችና ከቡድሃው ፊት ስትደርስ ነው ድንገት አፏን በእጇ የሸፈነችው።

አምስት ሰዓት ከአርባ ሦስት። ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ስድስት እንቁላል ተሰንጥቋል፤ የጎደለ ግን የለም። ሴንግዳ ተንበረከከች፤ በዚህኛው ጊዜ፣ «ስለቴን አገባሁ፤ ልጄን ጠብቁልኝ» የሚለው ቃል ሳይደናቀፍ ወጣ። ከዚያ ግንባሯን የሳህን ስባሪ በተነጠፈበት ወለል ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ኬንግ አጠገቧ መጥቶ ተንበረከከ። ቀና ስትል ከግንባሯ ላይ ላቧን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላት።

አባ ታኖም ቡራኬውን እንደዚያ ቀን አፍጥነው ሰጥተው አያውቁም ይባላል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው አምስቱ መነኮሳት እንቁላል እየላጡ ነበር። አባ ታኖም የተሰነጠቁትን ስድስቱንም ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ልጅ ሴንግዳ» አሉ ሁለተኛውን ጎርሰው፣ «ለዚያ ጥምዝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልቤን የሚነግርልኝ ሰው አጥቼ ነበር።»

ስድስት ሰዓት ሲሞላ መነኮሳቱ እጃቸውን ታጠቡ። የተረፈው ለሕዝቡ ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጨውና ቃሪያ ቀርቦ፣ የሚጣበቀው ሩዝ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ፣ ሰዉ በላ። ሴንግዳ አንድ እንቁላል በእጇ ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች፤ ጅረቱን አወራች፣ ጭጋጉን አወራች፣ ጥምዙ ምን እንደመሰላትና እሷ ምን እንዳለችው ለሮጡትም ላልሮጡትም እንደገና ነገረች። የቧፓንን ሁለት እንቁላል አላወራችም። ቧፓን ግን አጠገቧ ተቀምጣ በየደቂቃው ስትሳቀቅ ዋለች፤ በመጨረሻም አላስቻላት ብሎ ሁለት እንቁላል ከራሷ ድርሻ አንሥታ ሄዳ ከቡድሃው ፊት አስቀመጠች።

ሊመለሱ ሲሉ ኢንኬው የፒክ አፑን ጀርባ ከፈተ። መምህር ሳንያ ብስክሌታቸውን አዘጋጅተው ጓንታቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ነይ እንጂ ሴንግዳ፣ ደስታው እኮ ቁልቁለቱ ነው! አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ፔዳል ሳትነኪ!»

ሴንግዳ ብስክሌቷን ለኬንግ አቀበለችውና ፒክ አፑ ላይ ወጥታ ከእንቁላሉ በተረፈው የሩዝ ጭድ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«መምህር፣ የተሳልኩት ልወጣ ነው» አለች። «ስለ መውረድ አፌን አልከፈትኩም።»